የፊልም ማጠቢያ ድራም የሚያሽከረክር ማሽን ቤት ውስጥ እየሠራሁ ነው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ አልዞር አለኝ

ለገሃሬ (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ጀመዓ።

እስካሁን በፊልም ፎቶ ከሚያነሱት ነኝ፤ በብዛት ጥቁርና ነጭ። እስከ ዓምና ድረስ ፊልሜን አዲስ አበባ እየላክሁ ነበር የማሳጥበው። አንድ ጊዜ አምስት ጥቅል ልኬ ሁለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጭረው ተመለሱልኝ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበረበት። ያንን ቀን ማንም መልሶ አያመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ራሴ ላጥብ ብዬ ቆረጥኩ።

ከጀርመን የመጣ ዘመድ ያገለገለ ጆቦ 1520 የሚባል የፊልም ማጠቢያ ታንክ (ድራም) ይዞልኝ መጣ። ሁለት ባለ 35 ሚሊ ፊልም ይይዛል። ታንኩን አቁመህ በእጅ እየገለበጥክ ስታጥብበት 485 ሚሊ ሊትር ኬሚካል ይጠጣል። በጎኑ አስተኝተህ ስታሽከረክረው ግን 240 ይበቃዋል። ኬሚካል በሻንጣ በሚመጣበት ከተማ ይህ ግማሽ ቀላል ነገር አይደለም። የፋብሪካው ማሽከርከሪያ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ራሴ ጀመርኩት።

እስካሁን የሠራሁት እንዲህ ነው። ድራሙ ተኝቶ የሚዞርባቸው ሮለሮች እንዲሆኑኝ ሁለት ቁራጭ ባለ ግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ ቆረጥኩ፣ እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲም። እንዳያንሸራትቱ የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ አለበስኳቸው። ከነልብሳቸው ውፍረታቸው 2 ሳንቲም ተኩል መጣ። ጫፎቻቸው ላይ እንጨት ወትፌ በመሃል የ8 ሚሊ ዘንግ አሳለፍኩ። ዘንጉ የሚዞረው 608 በሚባለው ኩሽኔታ ላይ ነው። ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ነው። ከተሰበረ የልጆች ስኬት ነቅዬ ነው ያገኘሁት። መቀመጫው ኮምፔንሳቶ ነው።

ሞተሩ ከአሮጌ መኪና የወጣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ አሸዋ ገበያ አካባቢ ከብረታ ብረት ክምር ውስጥ ነው ያገኘሁት። 12 ቮልት ነው። የማስነሳው በባጃጅ ባትሪ ነው። አንደኛ፣ መብራት መሃል ላይ ጭል ብሎ ቢጠፋ ድራሙ ቆሞ ፊልሙ ግማሹ ብቻ ረጥቦ እንዲቀር አልፈልግም። ሁለተኛ፣ እጄ እርጥብ በሆነበት ቦታ 220 እንዲጠጋኝ አልፈልግም።

የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 50 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ድራሙ ግን 15 ጊዜ ብቻ። በጣም ቀሰስ ይላል። ሁለተኛው ግራ ያጋባኝ ነው። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንዲዞር ስለምፈልግ ሽቦውን ገለበጥኩት፣ ፖዘቲቩን በኔጌቲቩ ቦታ። ሞተሩ በዚያው በድሮው አቅጣጫ ዞረ! ደግሜ ገለበጥኩት። ያው። ዲሲ ሞተር ሽቦው ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይዞራል አይደል እንዴ?


ሳቢያን (ድሬዳዋ)

አቦ ምን ያስጨንቅሃል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢዞር ምን ችግር አለው? መዞሩ አይደል ዋናው?


ኔጌቲቭ (አዲስ አበባ፣ የድሬ ልጅ)

ችግር አለው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከዞረ ኬሚካሉ ፊልሙን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚያልፈው። ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያለበት ፎቶ ላይ ጭረት የመሰለ መስመር ይታያል። የፋብሪካዎቹ ማሽኖች በየጥቂት ዙሩ አቅጣጫ የሚቀይሩት ለዚህ ነው። አቅጣጫ የማይቀይር ማሽን ያላቸው ሰዎችም ዘዴ አላቸው። በየ30 ሰከንዱ ድራሙን አንስተው ግራና ቀኙን አዟዙረው ያስቀምጡታል። ያም ይሠራል፤ ግን እጅ ይይዛል።


አሮጌ ብሎን (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ሞተርህ አልተበላሸም። ዝም ብሎ የድሮ ስለሆነ ነው።

አሁን የሚሠሩት የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ቅርፊታቸው ውስጥ ቋሚ ማግኔት ተለጥፏል። በነሱ ላይ ሽቦ ስትገለብጥ አቅጣጫው ይቀየራል። የድሮዎቹ ግን ማግኔት የላቸውም። በማግኔቱ ቦታ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞባቸዋል። ማግኔት የሚሆነው ያ ጥምጥም ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ። ባትሪውን ስትገለብጥ የመሃሉም የዳሩም አብረው ይገለበጣሉ። ሁለቱም ከተገለበጡ ምንም አልተቀየረም ማለት ነው። ስለዚህ በነበረበት ይዞራል።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ባትሪውን ነቅለህ ቀጭን ሚስማር ቅርፊቱ ላይ አስጠጋ። ከሳበው ውስጡ ማግኔት አለ። ካልሳበው ያልኩህ ነው።

የጥምጥሙን ሽቦ ለብቻ አውጥቶ እሱን ብቻ መገልበጥ ይቻላል። ምድር ባቡር ወርክሾፕ እያለን እንዲህ ያለውን ብዙ ፈትተናል። ለአንተ ግን አልመክርህም። ሽቦው ያረጀ ነው፣ ሲነካ ልባሱ ይረግፋል። ይልቅ የመኪና መስታወት የሚያወጣና የሚያወርደውን ሞተር ፈልግ። እሱ ሲፈጠርም ወደ ሁለቱም እንዲዞር ነው። ሁለቱም ሽቦዎቹ ከቅርፊቱ የተለዩ ናቸው። የመጥረጊያ ሞተር ብዙ ጊዜ ቅርፊቱ ራሱ ኔጌቲቭ ነው። ሽቦ ስትገለብጥበት ቅርፊቱ ፖዘቲቭ ይሆንና ሌላ ብረት ሲነካ ብልጭ ይልብሃል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በል። የመስታወት ሞተር የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ ውስጡ አለው። ድራምህ ቀላል ስለሆነ ይችለዋል ብዬ አስባለሁ። ግን ፊልም ሳታስገባ ግማሽ ሰዓት ውሃ ሞልተህ አሽከርክረው። እጅህን ጫንበት። እጅህ መቆየት ከቻለ ደህና ነው።

ስለ ፍጥነቱ ሂሳቡ ቀላል ነው። የሮለሩን ውፍረት (ዳያሜትሩን) ለድራሙ ውፍረት አካፍል፣ በሮለሩ ዙር አባዛ። ድራምህ ስንት ሳንቲም ነው? ስንት ዙርስ ነው የምትፈልገው?


ለገሃሬ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሚስማሩን አስጠጋሁት። አይስብም። እርስዎ እንዳሉት ነው።

ድራሙ በካሊብሮ ስለካው ከ8 ሳንቲም ትንሽ አለፍ ይላል። ለፊልም በደቂቃ 75 ዙር አካባቢ ነው የሚባለው።


አሮጌ ብሎን

8 ብለን እንቁጠረው። 2.5 ለ 8 ሲካፈል 0.31 ገደማ ነው። ድራሙ 75 እንዲዞር ሮለሩ 240 መዞር አለበት። ሞተርህን በቀጥታ ከሮለሩ ጋር ያሰርከው ለዚህ ነው ቀሰስ ያለብህ። ቺንጋና ፑሌጃ ያስፈልግሃል። የመስታወት ሞተሩን ስታገኝ መጀመሪያ ዙሩን ቁጠር። ዘንጉ ላይ ነጭ ናስትሮ ለጥፈህ አንድ ደቂቃ ቁጠረው። ከዚያ 240ን ለዚያ ቁጥር አካፍል። የፑሌጃህ ዳያሜትር የሮለሩ ያንን ያህል እጥፍ ይሆናል።

ቶርኖ ቤት ለፑሌጃ ብዙ ገንዘብ እንዳትከፍል። ከኮምፔንሳቶ አስቆርጠህ ዙሪያውን በሞረድ ቦይ አውጣለት።


ሸዋ በር (ሐረር)

ስለ ቺንጋው እኔ ልናገር። ጀጎል ውስጥ ማኪና ግርግርን የማያውቅ የለም። ስሙም የወጣው ከልብስ ስፌት መኪናው ጩኸት ነው። እዚያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን የሚያዞሩበት ክብ የቆዳ ገመድ አለ። በሜትር ይሸጣል። የፈለግኸውን ያህል ትቆርጣለህ። ጫፍና ጫፉን በመርፌ በስተህ በሽቦ ቆልፍ ትይዘዋለህ። ሲላላ ትንሽ ቆርጠህ ታሳጥረዋለህ። የጎማ ቺንጋ በልክህ ፍለጋ ከምትዞር ይህ ይሻልሃል። ደግሞ ድራሙ የሆነ ነገር ቢይዘው ቆዳው ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩን አያቃጥልም።

እኔ ካገኘሁ ሁለት ሜትር ልኬልሃለሁ። እንዴት እንደሆነ ጻፍልን። እኔም የምሠራው ነገር ነው።


ለገሃሬ፣ እሑድ

ቆዳው ደርሶኛል ወንድሜ፣ ክፉ አይንካህ።

የመስታወት ሞተር አገኘሁ። ታይዋን ገበያ ሳይሆን አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ከተጋጨ መኪና በር ላይ ነቀሉልኝ። ያለ ጭነት በደቂቃ 80 ይዞራል። 240 ለ 80፣ ሦስት። ስለዚህ 7 ሳንቲም ተኩል ፑሌጃ ከኮምፔንሳቶ ቆረጥኩ። ቆዳው በቀጥታ በሮለሩ ጫፍ ላይ ነው የሚዞረው፣ እዚያ ሌላ ፑሌጃ አላስፈለገኝም። ድራሙን ጭኜ ስቆጥር 70 መጣ። ቆዳው ትንሽ ስለሚንሸራተት ይመስለኛል። ይበቃኛል።

አቅጣጫ መቀየሪያው ባለ ስድስት እግር ማብሪያ ነው፣ መሃል ላይ የሚቆመው ዓይነት። ለሚሠራ ሰው ልንገር። ባትሪው የመሃለኞቹ ሁለት እግሮች ላይ ይገባል። ሞተሩ የአንዱ ዳር ሁለት እግሮች ላይ። ከዚያ አንዱን ዳር ከሌላው ዳር ጋር በመስቀል ታገናኛለህ፣ የግራውን ከቀኝ፣ የቀኙን ከግራ። በቃ። ከባትሪው ሲወጣ ፊውዝ አድርጌበታለሁ። በየ15 ሰከንዱ መሃል ላይ ለአፍታ አቆምና ወደ ሌላው እገፋዋለሁ። ሳላቆም በአንዴ ስገለብጠው ሞተሩ ይንገጫገጫል።

ግማሽ ሰዓት በውሃ አሽከረከርኩት። ሞተሩ ለብ አለ እንጂ አልተኮሰም።

አንድ ያስቸገረኝ፣ ድራሙ እየዞረ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ይሳባል። አራት ደቂቃ ሳይሞላው ጫፉ ከሮለሩ ሊወርድ ይደርሳል።


አሮጌ ብሎን

ሁለቱ ሮለሮች እኩል አልሄዱም። በአንዱ ጫፍ ያለውን ርቀት ለካ፣ በሌላውም ለካ። አንድ ሚሊ ልዩነት ይበቃዋል። አስተካክለህም ትንሽ መሳቡ ስለማይቀር ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ የሚዞር ጎማ አቁምለት። ድራሙ እሱን ተደግፎ ይዞራል።


ለገሃሬ፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያውን ፊልም አጠብኩ። ደስታዬ ሙሉ አይደለም።

ከዚራ ውስጥ ጥላ ስር ያነሳኋቸው ናቸው። ፊልሙን ከውሃ አውጥቼ መስኮቱ ላይ ሳየው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንደኛው ዳር የሳሳ ነው። ከላይኛው ቀዳዳ ጀምሮ ወደ ውስጥ አራት ሚሊ ያህል። ዛፎቹ አናታቸው ላይ ታጥበው የጠፉ ይመስላሉ። መሃሉና ታችኛው ዳር ግን ያማረ ነው። የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ጥለቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ምን ይሆን?


ኔጌቲቭ

የት ላይ አስቀምጠህ ነው ያሽከረከርከው?


ለገሃሬ

ሰገነት ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ።


ኔጌቲቭ

በቃ ተገኘ። የሰገነት ወለል የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ተዳፋት ነው የሚሠራው። ዓይን አያየውም፣ ኬሚካሉ ግን ያየዋል። 240 ሚሊ ማለት ታንኩ ሥር የተኛ ስስ ውሃ ነው። ትንሽ ካዘነበለ ወደ አንዱ ጫፍ ይሸሻል። ከፍ ባለው ጫፍ ያለው የፊልም ዳር ይጠማል። የሳሳው እሱ ነው።

ውሃ ልክ አስቀምጥበት። ኮምፔንሳቶው ላይ አይደለም፣ ድራሙ ጀርባ ላይ። የምትፈልገው የድራሙን ልክ ነውና።


ሸዋ በር

ውሃ ልክ ለሌለው ሰው እኔ የሞከርኩት አለ። የሁለት ሊትር የታሸገ ውሃ ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ወገቡ ቀጥ ያለውን ምረጡ። 240 ሚሊ ቀይ ሻይ አቀዝቅዛችሁ ጨምሩበት። ክዳኑን አጥብቃችሁ ሮለሩ ላይ አስተኙት። ሻይው በጠርሙሱ ርዝመት እኩል ካልተኛ ታዩታላችሁ። ከሥር ካርቶን እያጠፋችሁ ማስገባት ነው። ከዚያ አብሩት። ሲዞር ሻይው ግድግዳውን እንዴት እንደሚያለብስ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻውን ብዙ ያስተምራል። በ30 ዙርና በ70 ዙር ያለው ልዩነትም ቁልጭ ብሎ ይታያል።


ለገሃሬ

የሻዩን ነገር ሞከርኩት። ወላሂ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር አላየሁም። ሻይው በግራ በኩል አንድ ጣት ያህል ቆሟል፣ በቀኝ በኩል ጠርሙሱ ደርቋል። አራት ብሎን ከኮምፔንሳቶው ሥር አስገባሁ፤ አሁን እሱን እያጠበቅሁና እያላላሁ ነው ልኩን የማመጣው።

አሁን የቀረኝ የሙቀቱ ጉዳይ ነው። ፊልሜ ኤችፒ5 የሚባለው የኢልፎርድ ፊልም ነው፣ ዴቬሎፐሬ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ዲ-76። በ20 ዲግሪ ሳይበረዝ 7 ደቂቃ ተኩል ይላል። የእኛ ቧንቧ ግን 28 ነው የሚወርደው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በበረዶ ታግዬ 23 አደርሰዋለሁ። ከዚያ በታች ለማውረድ በረዶውም ትዕግሥቱም የለኝም።


ኔጌቲቭ

እዚህ ላይ እንረጋጋና እናስላው፣ ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያበላሸው እዚህ ነውና።

ኢልፎርድ የሚሰጠው ምሳሌ አለ። በ20 ዲግሪ 4 ደቂቃ የሚፈልግ በ23 ዲግሪ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ሦስት አራተኛ ማለት ነው። የአንተ 7 ተኩል በ23 ወደ 5 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ይወርዳል። ደግሞ ያለማቋረጥ የሚሽከረከር ድራም ፊልሙን ቶሎ ያጥባል። ለዚህ ኢልፎርድ እስከ 15 በመቶ ቀንሱ ይላል። 4 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሆነ። ከ5 ደቂቃ በታች ስትወርድ ደግሞ እኩል የማይታጠብበት ዕድል ይሰፋል። ኬሚካሉን ለመጨመርና ለመድፋት የሚፈጀው ሰከንድ ሁሉ ዋጋ ይኖረዋልና።

ስለዚህ በእኩል ውሃ በርዘው። አንድ ለአንድ። ኤችፒ5 በዲ-76 አንድ ለአንድ 11 ደቂቃ ነው በ20 ዲግሪ። በ23 ወደ 8 ደቂቃ ከሩብ ይሆናል። 15 በመቶ ስትቀንስለት 7 ደቂቃ።

ግን ልብ በል። 240 ሚሊ አንድ ለአንድ ስትበርዝ ውስጡ ያለው እውነተኛ ዴቬሎፐር 120 ሚሊ ብቻ ነው። ያ ለሁለት ፊልም አይበቃም። በድራሙ አንድ ፊልም ብቻ አስገባ። ለአንድም ቢሆን ኮዳክ በዚህ መጠን ስታጥብ 10 በመቶ ጨምሩ ይላል። 7 ደቂቃ ላይ ስትጨምርለት 7 ከ40 አካባቢ ትደርሳለህ። ከዚያ ጀምር። ኔጌቲቭህ ከጠቆረ ቀጣዩን ግማሽ ደቂቃ ቀንስ።

ስለ ቅድመ ማርጠብም ትጠይቀኛለህ። ሁለት ሐሳብ ነው ያለው። ታንኩን የሚሠሩት ጆቦዎች ዴቬሎፐር ከመግባቱ በፊት 5 ደቂቃ በውሃ አሽከርክሩት ይላሉ፣ እንዲያ ከሆነ ደቂቃውን አትቀንሱም። ኢልፎርድ ደግሞ ለራሱ ፊልም ማርጠቡን አይመክርም። እኔ የኢልፎርድ ፊልም ሲሆን ኢልፎርድን እሰማለሁ። አንዱን ምረጥና አጥብቀህ ያዝ፣ ሁለቱን አትቀላቅል።


ሳቢያን

ሰዎች በቡና ያጥባሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር። የሐረር ቡና እያለን ለምን ኬሚካል እንለምናለን?


ኔጌቲቭ

እውነት ነው፣ አለ። ካፌኖል ይባላል። በ1995 አሜሪካ ሮቸስተር ውስጥ የኮሌጅ ክፍል ውስጥ ነው የተሞከረው። ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ በኋላ ደግሞ ቫይታሚን ሲ ተጨመረበት። ግን ለእሱ የሚመረጠው ርካሹ ፈጣን ቡና ነው፣ ሮቡስታ የበዛበት። የሐረር ቡና አረቢካ ነው፣ ለሥራው የሚያስፈልገው አሲድ ያነሰበት። በዚያ ላይ በሚሽከረከር ድራም ውስጥ በጣም ያረፋል። አረፋ ደግሞ ፊልም ላይ ክብ ክብ ምልክት ይጥላል። ካፌኖል በእጅ ቀስ ብሎ ለሚገለበጥ ታንክ ነው።


ለገሃሬ፣ ቅዳሜ

ሆነ!

አንድ ፊልም፣ 23 ዲግሪ፣ አንድ ለአንድ፣ 7 ደቂቃ ከ40። ድራሙ ጀርባ ላይ ውሃ ልኩን አድርጌ አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም ነው የጀመርኩት። 3 ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ድራሙ እንደዞረ ቀጠለ። በስልኬ መብራት ሰዓቱን እያየሁ ማብሪያውን ገለበጥኩ። ባትሪ በመሆኑ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ደቻቱ ደረቅ ሆኖ ያነሳሁት ነው፣ አሸዋው ነጭ፣ ሰማዩ ባዶ። መስመር ወይም መሳሳት ቢኖር እዚያ ባዶ ሰማይ ላይ ይታይ ነበር። ዳርና ዳሩ እኩል ነው። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ አየሁት፣ በማጉያ መነጽርም አየሁት። ድልድዩ ላይ የቆመው ልጅ የያዘው ጀሪካን እጀታው ሳይቀር ይለያል።

ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ያን አሮጌ ሞተር እስካሁን ሽቦውን እየገለበጥኩ ነበር።


አሮጌ ብሎን

ጎበዝ ልጄ። ኩሽኔታዎቹን ውሃ እንዳይነካቸው። ሥራ ስትጨርስ ጥረጋቸውና አንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ጣል አድርግባቸው። ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ብረት ይበላል።


ሸዋ በር

እንኳን ደስ አለህ። የእኔ ችግር ደግሞ የአንተ ግልባጭ ነው። ሐረር ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ ውሃችን ለጥቁርና ነጭ የተመቸ ነው። እኔ ያለኝ ግን አራት ቀለም ፊልም ነው። የቀለም ፊልም የሚታጠብበት ሲ-41 ደግሞ 37.8 ዲግሪ ላይ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው የሚፈልገው። እዚህ ድራሙ ሮለሩ ላይ ክፍት አየር ውስጥ ሲዞር ይቀዘቅዝብኛል። ከሥር የሞቀ ውሃ ገንዳ ላድርግለት እያሰብኩ ነው።


ኔጌቲቭ

ገንዳ ጥሩ ነው፣ ግን ሞተሩ ከውሃው እንዲርቅ ሆኖ መሠራት አለበት። ከዚያ ቀላሉ ድሬ መውረድ ነው። በዚህ ወር ክፍሉ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል። ዴቬሎፐሩን 39 ላይ አድርጉት፣ ድራሙን በሞቀ ውሃ ቀድማችሁ አሙቁት። በ3 ደቂቃ ከሩብ ውስጥ ብዙ አይወርድም።


ለገሃሬ

ና ውረድ። ቴርሞሜትሬን ክፍሉ ውስጥ አየሁት፣ ከሰዓት በኋላ 34 ነው። ድራሙ ሁለት ይይዛል፣ አራቱን በሁለት ዙር እንጨርሳቸዋለን። ሲ-41ህን በበረዶ ሳጥን ይዘህ ና፣ የደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው ውስጥ እንዳይሞቅብህ። የማኪና ግርግሩን ቆዳም አንድ ሜትር ጨምርልኝ፣ የመጀመሪያው እየላላ ነው።


ሸዋ በር

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ ኢንሻላህ። ቆዳውን ዛሬውኑ እገዛለሁ።